ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ፤ ማኔጅመንትስ?

የእህቴ ልጅ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። ባለፈው እሑድ እሷንና እናቷን ይዤ ጣና ዳር ወጣሁ። አሳ ጥብስ አዝዘን ስንጠብቅ ልጅቷ ስልኳን አወጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት» አለችኝ። የአንድ እንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ነው። ቢዝነስ ማኔጅመንትን ከፖለቲካና ከዓለም አቀፍ ግንኙነት ጋር አጣምሮ በአንድ ዲግሪ ያስተምራል። እሷ ሁለቱንም ትወዳለች። እዚህ ግን ማኔጅመንት አንድ ዲፓርትመንት ነው፣ ፖለቲካል ሳይንስ ሌላ። ቅጹ ላይ አንዱ አንደኛ ምርጫ፣ ሌላው ሁለተኛ ሆኖ ነው የሚሞላው። የደረሰህን ይዘህ ትገባለህ፤ ሌላው ምኞት ሆኖ ይቀራል።

አሳው መጣ። እህቴ ሎሚ እየጨመቀችበት «ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለች። «ማኔጅመንትሽን ተምረሽ ባንክ ግቢ። ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው ልጄ።»

አልፈርድባትም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ባሕር ዳር የኖረ ሰው የሆነውን ያውቃል። ሱቅ ተዘግቶ የዋለባቸው ቀናት፣ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ የከረመባቸው ወራት፣ እንግዳ አጥተው ዳር የቆሙ ጀልባዎች። በእህቴ ጆሮ ፖለቲካ ማለት ይሄ ነው። ለልጇ ብትሰጋ ማን ይወቅሳታል? ተረቷ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ባሕር ዳር ኮረንቲው ራሱ በምን መጣ?

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እንነሳ። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም ገንዘቡ የተገኘው ጣሊያን ለኢትዮጵያ ከከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ካሳው ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ይላል። ውሉ ከተፈረመ በኋላም ብሩ እጅ እስኪገባ ዓመታት የፈጀ ድርድር ነበረ። የቆቃ ግድብም ከዚያው ካሳ ነው የተሠራው። እንግዲህ ፋብሪካ ያለ ኃይል አይዞርም። ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው ማመንጫ ተሠራለት፤ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 11.4 ሜጋዋት። የከተማችን ትልቁ ኮረንቲ የመጣው እንዲህ፣ በጦርነት፣ በውልና በድርድር በኩል ዞሮ ነው።

ዩኒቨርሲቲውም ያው ነው። ፖሊ የሚባለው ግቢ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። የሌላው ግቢ ስም ፔዳ፣ «ፔዳጎጂ» (የማስተማር ጥበብ) ከሚለው ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው፤ የመምህራን ማሠልጠኛው እ.ኤ.አ. በ1972 በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እገዛ ተቋቋመ። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ባጃጆቹ «ፔዳ! ፔዳ!»፣ «ፖሊ! ፖሊ!» እያሉ ሲጣሩ የቀዝቃዛውን ጦርነት ዘመን ዲፕሎማሲ ነው የሚጣሩት። ሒሳቡ ግን ያው የባጃጅ ሒሳብ ነው።

ሐይቁ ራሱ ደግሞ ከፋብሪካውም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን እኛን ሳይጠይቁ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ፣ ጣሊያን በኢትዮጵያ ምድር ባቡር እንድትዘረጋ አንዱ ሌላውን ሊደግፍ ነው ስምምነቱ። ራስ ተፈሪ ነገሩን ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ወሰዱት። ከዚያ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ኒውዮርክ ላኩ። የተላኩት ጄ.ጂ. ኋይት ከሚባል የአሜሪካ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ሊነጋገሩ ነው። የኩባንያው መሐንዲሶች በኋላ እዚህ ድረስ መጥተው ሐይቁን አጥንተዋል። ግድቡ ሳይሠራ የጣሊያን ወረራ መጣ።

እስቲ አንባቢ ይፍረድ። ኩባንያ መርጦ ስለ ሥራና ስለ ዋጋ መነጋገር የማኔጅመንት ነገር ነው። ከሁሉም አገር መካከል ዓባይ ላይ ጥቅም የሌላትን አሜሪካን መምረጥ ግን ምንድን ነው? ለእኔ ይሄ ጥርት ያለ የውጭ ግንኙነት ሥራ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ሁለቱን በአንድ ቦርሳ ይዘው ነው መርከብ የተሳፈሩት።

አሁን ትምህርቶቹን እንያቸው። ማኔጅመንት የተወለደው ሥራ ቦታ ነው። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 የአስተዳዳሪ ሥራ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማቀናጀትና መቆጣጠር ነው ብሎ ጻፈ። ዛሬም ፔዳ ያለ ተማሪ ቃላቱን ትንሽ ለውጦ ይቸክላቸዋል። በላዩ ላይ ሒሳብ አያያዝ፣ ፋይናንስ፣ ገበያ፣ የሰው ኃይል ይጨመራል። ዓለም አቀፍ ግንኙነት ደግሞ የተወለደው ከሬሳ መካከል ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ዌልስ ውስጥ አበሪስትዊዝ ላይ የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ፖለቲካ የፕሮፌሰር ወንበር ተመሠረተ። ጥያቄው መንግሥታት ለምን ይዋጋሉ የሚል ነበር። አንዱ ትምህርት ውስጥን ያያል፣ ሌላው ውጭን።

ችግሩ ማኔጅመንት ውጭውን በአንድ ምዕራፍ ማለፉ ነው። የተማረ ያስታውሳል። አራት ሣጥን ይሣላል፤ ፖለቲካ፣ ኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊ፣ ቴክኖሎጂ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ስለ አንድ ምናባዊ የዱቄት ፋብሪካ አሳይንመንት ተሰጠን። ፖለቲካ የሚለው ሣጥን ውስጥ «የፖለቲካ መረጋጋት» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቃል። ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ስንዴው ከየት ይመጣል፣ በየት ወደብ ይገባል፣ ዶላሩን ማን ይፈቅዳል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ማርኩ ደስ ብሎኝ ካፌ ገባሁ።

ያንን ሣጥን ምን እንደሚሞላው ያስተማሩኝ አንዲት አሳ ነጋዴ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ድሮ አምባዛ እየሰነጠቁ በጨው ያደርቁና በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ለሚያሻግሩ ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። የጣና ደረቅ አሳ የቆየ የሱዳን ገበያ ነበረው። እትዬ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆዩም። በአረብኛ እስከ ሺህ ይቆጥራሉ። የሒሳብ መዝገባቸው ባለ ካሬ ደብተር ነው። በግራ የወሰደው ሰው፣ በመሐል ኪሎው፣ በቀኝ ዱቤው። የተከፈለውን በአንድ ሰረዝ ይሰርዙታል። አንድ ቀን ደብተሩን ከፍተው አሳዩኝ። ሚያዝያ 2015 ላይ ያሉት መስመሮች አልተሰረዙም። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ነጭ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። ገዢው ስልክ አላነሳም። ብሩ እዚያው ቀረ። ማኔጅመንት ይህን «ያልተሰበሰበ ሒሳብ» ይለዋል። ፖለቲካል ሳይንስ የሁለት ጄኔራሎች ሽኩቻ ይለዋል። እትዬ ግን ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የነገሩኝ። «ሰዎቹ ሊጣሉ እንደሆነ እሰማ ነበር፤ ዱቤውን ቀነስሁ፤ ግን በግማሽ ነው የቀነስሁት።» ለካ በየሳምንቱ ከመተማ ሰው ሲመጣ «አገሩ እንዴት ነው?» ብለው የሚጠይቁት ለጨዋታ አልነበረም። በመጽሐፍ ቋንቋ የፖለቲካ ሪስክ ትንተና ይባላል። እሳቸው ጋ ወሬ ይባላል። ኪሳራቸውን በግማሽ ያዳነላቸው ያ ወሬ ነው።

እንዲህ ያለውን ብቆጥር አላበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። በዋዜማው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። ጀልባ ያለው ሰው የሞተር ዕቃ ሲገዛ ያወቀው ዋጋው መናሩን ነው። ማኔጅመንት የተማረ ሰው ደግሞ አዲሱን ወጪ በየጉዞው አካፍሎ ታሪፉን ያሰላለታል። ለምን በዚያ ቀን፣ ለምን በአንድ ጊዜ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በዚያው ዕለት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ማጽደቁን ሳያነሱ መመለስ አይቻልም። አበዳሪው ምን ጠየቀ፣ መንግሥት ምን ሰጠ፣ ስለ ዕዳው ከእነማን ጋር እየተደራደረ ነበር? ይሄ የሌላኛው ዲፓርትመንት ትምህርት ነው።

አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል የወጣንበትም እንዲሁ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ስፌቱ አልተበላሸም፣ ሠራተኛው አልሰነፈም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ዋሽንግተን ላይ ተወሰነ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉ ቀረ። የታላቁ ግድብ ገንዘብስ? ውጭ አበዳሪ ዓባይ ላይ እጁን ማስገባት ስላልወደደ ነው ቦንድ የገዛነው። 5,150 ሜጋዋቱ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ የፋይናንስ ውሳኔውና የዲፕሎማሲ ውሳኔው የት ጋ ይለያያሉ ብሎ መስመር ማስመር የሚችል ካለ ያስምርልኝ።

እስካሁን ያለፈውን ነው ያወራሁት። ወደፊትን ለማየት ዘጌን ላንሳ። የእህቴ ልጅ ተመርቃ የዘጌን ቡና ለጀርመን ገዢ ልሽጥ አለች እንበል።

ዘጌ እንደምታውቁት ከባሕር ዳር በጀልባ ቅርብ ነው። ቡናው የሚበቅለው ከደኑ ሥር፣ በጥላ ነው። በገዳማቱ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ ስለኖረ ደኑ ቆሟል። ልጅቷ መጀመሪያ የምታወጣው የማኔጅመንት ዕውቀቷን ነው። ከስንት ቤተሰብ ስንት ኪሎ ይሰበሰባል? ቀይ ፍሬ ብቻ ለቅሞ ለሚያመጣ ስንት ይጨመርለታል? ማድረቂያ አልጋ፣ ጆንያ፣ ጀልባ፣ ትራንስፖርት እስከ ጅቡቲ። ደግሞ ጥሬ ገንዘብ አለ። ለባለ ቡናው ዛሬ እጅ በእጅ ትከፍላለች፤ የጀርመኑ ብር የሚገባው ከወራት በኋላ ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ በምን ትይዘዋለች? ስንት ጀማሪ ላኪ ትርፍ እያለው በዚህች ክፍተት ወድቋል። ይህን የማያውቅ ፖለቲካ ምሩቅ ሦስት ወር አይቆይም።

ቀጥሎ ጀርመኑ ደብዳቤ ይልካል። ቡናው የበቀለበትን ቦታ የጂፒኤስ ነጥብ ላኪልኝ ይላታል። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ነው። ቡና፣ ካካዎ፣ የዘንባባ ዘይት፣ አኩሪ አተር፣ ከብት፣ ጎማና እንጨት፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተጨፍጭፎ በተገኘ መሬት ላይ የተመረተ ከሆነ አውሮፓ ገበያ አይገባም ይላል። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ተለክቶ ይላካል፤ ለትንሹ አንድ ነጥብ ይበቃል። የዘጌ ጓሮ 4 ሄክታር ስለማይሞላ አንድ ነጥብ በአንድ ቤት ማለት ነው። ስልክ ይዞ በየጓሮው መዞር ሊሆን ነው።

ማኔጅመንት ብቻ የተማረ ሰው ይህን እንደ ወጪ ያየዋል። ለስንት ቤት፣ በስንት ቀን፣ በስንት ብር። ፖለቲካ ብቻ የተማረ ሰው ሃያ ገጽ ይጽፋል። ድሃ አገር ላይ የተጫነ ሕግ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ጆንያው ግን ዘጌ ወደብ ላይ ዝናብ ይመታዋል። ሁለቱን ያየች ልጅ ሦስተኛ ነገር ታያለች። የሕጉ መጀመሪያ ቀን ደጋግሞ ተራዝሟል። የተራዘመው አውሮፓ ውስጥ ክርክር ስላለና አምራች አገሮች ስለጮሁ ነው። ማን እንደሚጮህ፣ ማን እንደሚሰማ የገባት ሰው መቼ ወጪ ማውጣት፣ መቼ መጠበቅ እንዳለባት ታውቃለች። በዚያ ላይ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሳይታሰብ ዘጌ የራሱ የደን ሕግ ነበረው። ያ የገዳም ሥርዓት ለገዢው ሊነገር የሚችል እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ደኑ ራሱ ምስክር ነው። ማስታወቂያ ላይ ስንት ብር የሚያወጣ ነገር በነፃ ቁጭ ብሏል።

የፖለቲካ ተማሪዎችም ቅር እንዳይላችሁ፣ የእናንተንም ጉድ ላውጣው። ማታ ማታ ስለ ቻይናና ስለ አፍሪካ ስትከራከሩ ሰምቻችኋለሁ። ዓባይ ላይ በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው። ስለ ቻይና ተጽዕኖ አንድ ሰዓት ማውራት የሚችል ልጅ አውቃለሁ። ኮንትራቱ ላይ የዋጋ ማስተካከያ የሚባለው አንቀጽ ምን ይሠራል ብትሉት ግን ዝም ይላል። ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ ልዩነቱን ማን ይከፍላል? ሥራው ሲዘገይ ቅጣቱ እንዴት ይሰላል? መደበኛ በጀትና ካፒታል በጀት ምንና ምን ናቸው? መንግሥት ኃይሉን የሚያሳየው በንግግር ብቻ መስሎ ከታያችሁ ግማሹ አምልጧችኋል። በበጀት ሠንጠረዥ ውስጥ ያለው ፖለቲካ ከየትኛውም መድረክ ይበልጣል፤ ለማንበብ ግን ሒሳብ ይጠይቃል።

ስለዚህ የእንግሊዞቹ ማስታወቂያ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። አዲስም አይደለም። ኦክስፎርድ ፍልስፍናን፣ ፖለቲካንና ኢኮኖሚክስን አጣምሮ ማስተማር ከጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል። አንድ ነገር ግን ለልጅቷ አሳየኋት። እንግሊዞች በዲግሪ ስም ላይ በአንዲት ትንሽ ቃል ነው የሚለዩት። በሁለቱ ስሞች መካከል «እና» ካለ በአብዛኛው ግማሽ በግማሽ ነው። «ጋር» ካለ ፊት ያለው ዋናው ነው፤ ኋላ የመጣው ብዙ ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሶ ነው። የሷ ማስታወቂያ «ጋር» ነው የሚለው። ማኔጅመንቱ እንጀራው፣ ፖለቲካው ወጡ መሆኑ ነው።

እዚህ ይህን ለማድረግ የሚያስቸግረው ሐሳቡ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ፈተናው በየትምህርት መስኩ ነው የሚዘጋጀው። የተጣመረ ዲግሪ ቢኖር ልጅቷ በየቱ ትፈተናለች? በሁለቱም? ከዚህም ከዚያም ተቆርጦ? መልሱ ሳይኖር ፕሮግራም መክፈት ተማሪ ላይ መፍረድ ነው።

ከፈተናው የባሰው ግን የሥራ ማስታወቂያው ነው። በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ማኔጅመንት ተመርቄ አራት ዓመት ሠራሁ። በዚያው ላይ ቅዳሜና እሑድ እየተማርኩ ፖለቲካል ሳይንስ ያዝኩ። ሁለት ዲግሪ! ደረቴን ነፍቼ አንድ መሥሪያ ቤት ለመመዝገብ ሄድኩ። የተፈለገው ፖለቲካል ሳይንስ ወይም ተመሳሳይ፣ የሦስት ዓመት ልምድ። መዝጋቢዋ ወረቀቶቼን በማስመሪያ እየተከተለች አየች። «ልምድህ የማኔጅመንት ነው» አለች። «የፖለቲካውን ዲግሪ ያገኘኸው ልምዱን ካገኘህ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ዜሮ ዓመት ነህ።» ዜሮ! ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ ሳቁን አፈነ። እኔም በኋላ ሳቅሁ፤ ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። መመሪያው የሚጠይቃት ስም ከስም ማስተያየት ነው። «ተመሳሳይ» የምትለዋን ቃል ማን ይተረጉማታል? ሁለት ስም ያለው ዲግሪ ቢመጣላት ማስመሪያዋን የት ላይ እንደምታሳርፍ እንጃ።

እንዲህ ከሆነ ልጅቷ ምን ታድርግ? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። እኔ የመከርኳት ማኔጅመንትን ዋና እንድታደርግ ነው። ምክንያቴ የእናቷ ምክንያት አይደለም፤ ባንኩ ቢገኝ እሰየው። ሒሳብ አያያዝ ለብቻ ቁጭ ብለው የሚማሩት ነገር አይደለም። ሠርተህ፣ ተሳስተህ፣ ሰው አርሞህ ነው የሚገባህ። ዴቢትና ክሬዲትን ከዩቲዩብ ተምሬ ገባኝ የሚል ሰው ደብተሩን ያሳየኝ። ውልና አዋጅ ግን ማንበብ ለሚወድ ሰው በሩ ክፍት ነው። የ1902ቱን ውል ለማንበብ ማንም አይፈትንህም። በእርግጥ መምህርና ክርክር የሌለበት የፖለቲካ ንባብ በቀላሉ ወደ ሻይ ቤት ወሬ ይወርዳል፤ እሱን ደርሶብኛል። ለዚህ ነው እኔም በመጨረሻ ኤክስቴንሽን የገባሁት። የተጓዝኩበትን መንገድ ማመስገኔ እንደሆነ ይታወቅልኝ።

ደግሞ ሳታውቀው ጀምራዋለች። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ሁሉም ተማሪ ግሎባል ትሬንድስም ኢንተርፕረነርሽፕም ይወስዳል። ሁለቱንም ወስዳለች። ሁለቱንም ከሃንድአውት ቸክላ ኤ አግኝታለች። «ሁለቱን የሚያገናኝ ጥያቄ የጠየቀሽ መምህር ነበር?» አልኳት። አሰበች። «የለም። ፈተናቸው ግን በአንድ ሳምንት ነበር» አለች። ተሳሳቅን። እኔ ብሆን ያቺን ሳምንት ነበር የምለውጣት። አንድ የጋራ ሥራ እሰጣለሁ። ወደ አሳ ገበያው፣ ወደ ጀልባ ማኅበሩ፣ ወደ ጨርቃ ጨርቁ ሂዱና አንድ ዋጋ ምረጡ፤ ያ ዋጋ ባለፈው አምስት ዓመት ለምን ተለወጠ? ግማሹን መልስ በካልኩሌተር፣ ግማሹን በጋዜጣ። አዲስ ዲፓርትመንት መክፈት አያስፈልገውም። ሴኔትም ሚኒስቴርም አይጠይቅም። ፔዳ ግቢ ውስጥ ሁለት መምህራን ማኪያቶ እየጠጡ ሊስማሙበት የሚችሉት ነገር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይም እንዲሁ። «የሠራተኛ እርካታ በእንትን ድርጅት» የሚል ርዕስ በቅቶናል፤ መደርደሪያው ሞልቷል። የደረቅ አሳ ንግድ ከሱዳን ጦርነት በኋላ ምን ሆነ የሚለውን እስቲ አንድ ሰው ይጻፈው።

ይህን ሁሉ ሳወራ እህቴ አሳውን ጨርሳዋለች። አጥንቱን ለድመት እየሰጠች «አሁን ይሄ ሁሉ ማኔጅመንት ነው ወይስ ፖለቲካ?» አለች። የጢስ ዓባዩን ኮረንቲ ነገርኳት። «እሱን ተወው፤ እኛ ሰፈር ትናንትም አልነበረም» አለችኝ።

ሰኞ ማታ ልጅቷ ደወለች። ቅጹን ሞልታለች። ማኔጅመንት አንደኛ፣ ፖለቲካል ሳይንስ ሁለተኛ። እናቷ ሁለተኛውን አላየችውም። «ጋሼ፣ እትዬ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ። «ደብተሩን ማየት እፈልጋለሁ። ያልተሰረዙትን።» ረቡዕ ጠዋት አልኳት፤ አሳው ከጀልባ ሳይወርድ በፊት እትዬ ጊዜ አላቸው።